ሁለተኛ ወጥታ ያሸነፈችው

በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ውርጩ ነው። ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። የጋሪ ፈረሶች ካፍንጫቸው እንፋሎት እያወጡ ቆመዋል፤ ባለጋሪው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቦ መንገደኛ ይጠብቃል፤ የኩበቱ ጢስ ከጣሪያ በላይ አልነሳ ብሎ እዚያው ደጃፍ ላይ ይተኛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቷን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ይተነፍሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን አየሩ ስስ መሆኑን የሚያውቀው ሌላ አገር ሄዶ፣ ሌሎቹ ሲያለከልኩ እሱ ገና እንዳልደከመው ሲያይ ነው።

ስለ ሯጭ ሲወራ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው አርሲ ነው፤ በቆጂ። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያፈራ ምድር ስለሆነ አይፈረድብንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ያመጣው አበበ ቢቂላ የተወለደው በሰሜን ሸዋ ምድር፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ጌጤ ዋሚም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 የተወለደችው እዚሁ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጌጤን ብዙ ሰው የሚያስታውሳት የደራርቱ ቱሉ ተከታይ አድርጎ ነው። 2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ደራርቱ የመጨረሻውን ዙር እንደ መቶ ሜትር ሯጭ ስትበርር አገሩ ሁሉ በእልልታ ቀለጠ፤ ከኋላዋ በ5 ሰከንድ የገባችውን ልጅ ያየ ግን ጥቂት ነው። ጌጤ ከፖርቹጋሏ ፈርናንዳ ሪቤሮ ጋር እስከ መስመሩ ድረስ ተናንቃ ብሩን የወሰደችው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነበር። ሪቤሮ ደግሞ እንዲሁ የተገኘች ሴት አይደለችም፤ ከአራት ዓመት በፊት አትላንታ ላይ ወርቁን ስትወስድ ጌጤን ነሐስ ላይ ያስቀረቻት እሷው ነበረች። እዚያው ሲድኒ ጌጤ 5,000 ሜትርም ሮጣ ነሐስ ጨመረች። በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ሜዳሊያ ለማንም አገር ሯጭ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር ግን ወርቅ ካልሆነ አይቆጠርም፤ ይህ ክፉ ልማዳችን ነው።

ወርቅ አልነበራትም ማለት አይደለም። 1999 ሴቪያ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን 30 ደቂቃ ከ24.56 ሰከንድ ሮጣ አሸንፋለች። ያን ዕለት ስትመራ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች። ፓውላ አንገቷን እየነቀነቀች ፊት ፊት ትጎትታለች፤ የመጨረሻ ዙር ፍጥነት እንደሌላት ስለምታውቅ፣ ተስፋዋ ተከታዮቿን ቀድማ አድክማ መጣል ብቻ ነው። ጌጤ አልተጣለችም። ከኋላዋ ተለጥፋ ቆይታ በመጨረሻው ዙር አልፋት ሄደች። ይህችን ፓውላን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከጌጤ ሕይወት ውስጥ በቀላሉ የምትወጣ ሰው አይደለችም።

እውነተኛው ሜዳዋ ግን፣ ለእኔ፣ አገር አቋራጩ ነው። መም ላይ ሁሉም ነገር የተለካ ነው፤ ዙሩ 400 ሜትር ነው፣ መሬቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰዓቱ ይነገርሃል። አገር አቋራጭ ላይ ጭቃ፣ ጉብታ፣ እርጥብ ሣር ነው ያለው፤ ሰዓት ዋጋ የለውም፤ የሚቆጠረው ቦታህ ብቻ ነው። ውርጭ ያደረበትን ማሳ ጠዋት አቋርጦ የሚያውቅ እግር እዚህ ይጠቅማል። ጌጤ 1996 ደቡብ አፍሪካ፣ ስቴለንቦሽ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። 1999 ቤልፋስት ላይ ጫማ በሚውጥ ጭቃ ውስጥ ደገመችው፤ መሪማ ደንቦባ ሁለተኛ፣ ፓውላ ሦስተኛ።

ሦስተኛው የ2001ዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ታሪክ አለው። ውድድሩ ደብሊን ላይ ሊካሄድ ተቀጥሮ ሳለ በዚያ ወቅት አውሮፓ ከብቶች ላይ አፍተግር ገባ። ሯጭ ከየአገሩ ጫማው ላይ ጭቃ ይዞ ይመጣል፣ ይዞም ይሄዳል፤ በሽታውም በዚያው ይጓዛል። ስለዚህ ውድድሩ ወደ ቤልጂየም፣ ኦስተንድ ተዛወረ። የመንዝና የተጉለት ገበሬ ይህን ቢሰማ አይደንቀውም፤ አፍተግር የገባበት መንደር ከብት ወደ ገበያ እንደማይነዳ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ሴቶች በሁለት ርቀት ይሮጡ ነበር፤ ረጅሙ ወደ 8 ኪሎ ሜትር፣ አጭሩ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቅዳሜ ረጅሙን ፓውላ ጌጤን በጣት በሚቆጠር ሰከንድ ቀደመቻት። እሑድ ሁለቱም እንደገና አጭሩ ላይ ቆሙ፤ ጌጤ አንደኛ፣ ፓውላ ሁለተኛ። በአንድ ሌሊት ዕረፍት ዕዳ መመለስ ይህ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ኤድመንተን ላይ በ10,000 ሜትር ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ሦስቱን ሜዳሊያ ሲከፋፈሉ ፓውላ እንደ ሲድኒው አራተኛ ሆና ቀረች።

ከዚያ ፓውላ ወደ አስፋልት ወጣች፤ 2003 ለንደን ላይ ማራቶንን በ2፡15፡25 ሮጣ ለዓመታት ያልተደፈረ ክብረ ወሰን ሰቀለች። ጌጤም የመጀመሪያ ማራቶኗን 2002 አምስተርዳም ላይ በ2፡22፡19 ሮጠች። በመሃል ልጅ ወለደች፤ እንደገና ሥልጠናዋን ጀመረች። 2006 በርሊንን በ2፡21፡34 አሸነፈች።

አሁን አንድ የሂሳብ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። ጎልፍና ቴኒስ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጡ ጥቂት ውድድሮች አሏቸው፤ ሜጀር ይሏቸዋል። የአንድ ጎልፍ ተጫዋች ሙያ ሲመዘን የሚጠየቀው ስንት ሜጀር እንዳገኘ ነው። በ2006 የቦስተን፣ የለንደን፣ የበርሊን፣ የቺካጎና የኒው ዮርክ ማራቶን አዘጋጆች ተሰብስበው ይህንኑ ስም ለራሳቸው ወሰዱና ሜጀርስ የሚባል ተከታታይ ውድድር መሠረቱ። በዚያን ጊዜ አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10፣ አራተኛ 5፣ አምስተኛ 1 ያገኝ ነበር። ነጥቡ ለሁለት ዓመት ይደመር ነበር። በመጨረሻ ብዙ ነጥብ ያለው ወንድና ብዙ ነጥብ ያላት ሴት እያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ይወስዱ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር።

ጌጤ ከበርሊኑ 25 ሌላ በ2007 ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥታ 15 አገኘች። መስከረም 30 ቀን 2007 በርሊንን እንደገና አሸነፈች፤ ያ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 2፡04፡26 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረበት ዕለት ስለነበር ጋዜጣው ሁሉ ስለ እሱ ጻፈ። ድምሯ 65 ሆነ። ከኋላዋ ያለችው የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነጥብ ነበራት። የቀረው ውድድር አንድ ብቻ ነው፤ ኒው ዮርክ፣ ኅዳር 4። ከበርሊን በኋላ ልክ አምስት ሳምንት።

ማራቶን የሮጠ ሰው አምስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከውድድሩ በኋላ ለቀናት ደረጃ መውረድ ጭንቅ ነው፤ ጭን አይታዘዝም፤ የተጎዳው ጡንቻ እስኪጠገን ሳምንታት ይፈጃል። ትልልቆቹ ሯጮች በዓመት ሁለቴ ቢሮጡ ነው፤ አንዱን በፀደይ፣ አንዱን በመከር። ጌጤ ግን እቤቷ ብትቀመጥ ፕሮኮፕቹካ ሁለተኛ በመውጣት ብቻ 70 አድርሳ ታልፋታለች። ስለዚህ ሄደች።

ኒው ዮርክ ማራቶን ከስታተን ደሴት በቬራዛኖ ድልድይ ይነሳና አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች አቋርጦ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ያበቃል። ድልድዮቹ ዳገት ናቸው፤ ፈጣን ሰዓት የሚፈለግበት መንገድ አይደለም። ከፊት ማን ይመራል? ፓውላ፤ ከወለደች አሥር ወር ገደማዋ ነው። ከትከሻዋ ኋላ ማን አለ? ጌጤ። እንደ ሴቪያው፣ እንደ ኦስተንዱ፤ ሁለቱም እናቶች፣ ሁለቱም ሠላሳን ያለፉ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተንጠባጥበው ቀሩ። ጌጤ ሥራዋ ፕሮኮፕቹካን መቅደም ብቻ ነበር፤ እሷም ከኋላ ከዓይን ርቃለች። ገንዘቡ በኪሷ ገብቷል ማለት ይቻላል። ረጋ ብላ ብትገባ ማንም አይወቅሳትም።

ግን ፓርኩ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይቀር ጌጤ ወጣች። ከፓውላ ጎን ደረሰች፣ አለፈቻት። ሴቪያ ላይ የሠራው ፍጥነት ይኸው ነበር። አሁን ግን እግሯ ውስጥ በርሊን ነበር። ፓውላ ወዲያው መልሳ ወጣችባት፤ ጌጤ ልትከተላት ሞከረች፣ አልሆነም። 2፡23፡09 ለፓውላ፣ 2፡23፡32 ለጌጤ። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ 23 ሰከንድ።

ፕሮኮፕቹካ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ዘግይታ ሦስተኛ ገባች። ሰሌዳው ላይ ጌጤ 80፣ ፕሮኮፕቹካ 65። የመጀመሪያዋ የሜጀርስ አሸናፊ ሴት ያን ዕለት ሁለተኛ የወጣችው ነበረች።