የስልክ ቤቱ ጓዳ

ቀረብ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። በወልድያና ቆቦ መንገድ ላይ ጎብዬ ስትደርሱ የምታዩት ስልክ ቤት ካርድ የሚሸጥበትና ስክሪን የሚቀየርበት ብቻ ይመስላችኋል። እኔ ከባንኮኒው ወዲህ ስለምቀመጥ የማየው ሌላ ነው።

ገበሬው ማሽላውን ሸጦ ስልክ ይገዛል። «ልጄ፣ ሳዑዲ ያለችውን እህትህን የማይበትን ነገር ጫንልኝ» ይላል። ስልኩ ጂሜይል ይጠይቃል፤ አባባ ጂሜይል ከየት ያመጣሉ? ጠጋኙ የራሱን ያስገባል። ነገም ለሌላው ያንኑ። ስልክ ቁጥሩ፣ ፎቶው፣ ክሮም ያስቀመጠው የይለፍ ቃል ሁሉ ወደ አንድ አካውንት ይፈስሳል። አባባ መርቀው ይሄዳሉ። የቴሌብር ምስጢር ቁጥራቸውንማ ወረፋው ሁሉ እየሰማ ነው የነገሩት!

በሐምሌ 2015 መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ሲቋረጥ ደግሞ መተግበሪያ ከሱቅ ኮምፒውተር መገልበጥ ብቸኛው መንገድ ሆነ። የተገለበጠው ብሮውዘር ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ማን እንደነካካው የሚጠይቅ የለም። ያልታደሰ ብሮውዘር ደግሞ የታወቀ ቀዳዳውን ይዞ ነው የሚኖረው።

ብዙ ሰው የሚወደው ኦፔራ ሚኒስ? ዳታ የሚቆጥበው ገጹን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ከፍቶ፣ አሳንሶ ስለሚልክ ነው። ከፍተኛው ቁጠባ ሲበራ የተመሰጠረው ገጽም እዚያው መሃል ላይ ይፈታል። ለኳስ ውጤት ግድ የለም፤ ለባንክ ግን አትሞክሩት። «ኢንኮግኒቶ አብርቻለሁ» የምትሉም አትኩራሩ፤ ጉግል በኢንኮግኒቶም ተጠቃሚን ይከታተላል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

ሕጉማ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ የገባን በእስራት ይቀጣል፤ አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታችሁን 1 ዓመት እንዲያቆይም ያዛል። መርማሪ ግንኙነት ሊከታተል ሲፈልግ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያሻዋል፤ አስቸኳይ ከሆነ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሊፈቅድለት ይችላል፣ ግን ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይቀርባል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 ወጣ። ጠበቆች በዚያች 48 ሰዓት ላይ መከራከራቸው ተገቢ ነው። የስልክ ቤቱ ልጅ ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ዳኛ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ አስረክቦታል።

እናም መተግበሪያ ስታስጭኑ ጂሜይሉን በስማችሁ አስከፍቱ፤ የይለፍ ቃሉንና ምስጢር ቁጥሩን በገዛ ጣታችሁ ጻፉ። ልጁ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።