ሃያ ስድስት ግራም ዕጣን

ጅቡቲ ከተማ አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲልና በር ሲከፈት፣ ከቤቱ ሰው ቀድሞ የሚወጣው የዕጣን ሽታ ነው። ሶማሌዎቹ «ዳብቃድ» በሚሉት የሸክላ ማጨሻ ላይ ፍሙ አለ፤ እፍኝ የማትሞላ ዕጣን ጣል ይደረግበታል። በዚያው ሰዓት ዶራሌ ወደብ ላይ ከቻይና የመጣ ኮንቴይነር ይራገፋል። ለኛ ትራንዚተሮችም ሆነ ለመርካቶ ነጋዴ ጓንዡ የጫማ፣ የአምፖልና የመኪና ዕቃ አገር ናት። ደርሰው የመጡ ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ መጋዘን ሲያወሩ እሰማለሁ፤ እዚያው ስላለው፣ ናንዩዌ ስለሚባለው ጥንታዊ የደቡብ ቻይና መንግሥት ንጉሥ መቃብር ያነሳልኝ ግን አንድም የለም። አፍሪካውያን ነጋዴዎች ከሚያዘወትሩት የሺያውበይ ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ በዩዌሹ ፓርክ ባቡር ጣቢያ የወረደ ሰው በእግሩ ይደርሳል።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1983 ነው። «የዝሆን ኮረብታ» የሚባለውን ጉብታ ለሕንጻ ሲደለድሉ የነበሩ ሠራተኞች ግዙፍ የድንጋይ ጠፍጣፋዎች ገጠሟቸው። በስንጥቁ ባትሪ ሲያበሩ ታች ክፍት ቦታና ዕቃ ታየ። ከኮረብታው አናት 20 ሜትር ያህል ጠልቆ የተቀበረው ዣው ሞ ነበር፤ ከ137 እስከ 122 ከክርስቶስ ልደት በፊት የገዛ የናንዩዌ ሁለተኛ ንጉሥ። በሦስተኛው መቶ ዘመን ሱን ቹዋን የተባለው ገዥ የናንዩዌ ነገሥታትን መቃብር የሚያስቆፍር ወታደር ልኮ ነበር ይባላል። የዚህን ግን አላገኘውም። ብዙዎቹ የአክሱም መቃብሮች ተዘርፈው ባዶአቸውን እንደቀሩ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲከፈት መቃብሩን ከቦታው አላነሱትም፤ በላዩ የመስተዋት ጣሪያ አድርገው ዙሪያውን በቀይ ድንጋይ ሕንጻ ከበቡት። ጎብኚው ደረጃውን ወጥቶ እንደገና ወደ መቃብሩ ይወርዳል። ሰባት ክፍል ነው፤ ተደማምሮ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለንጉሥ ቤት ጠባብ ነው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ማለት አለበት። ከንጉሡ ጋር 15 ሰዎች ተቀብረዋል፤ አራቱ ቁባቶቹ ናቸው። በኋላ በኩል ያለው የስንቅ ክፍል ውስጥ ከ200 የሚበልጡ የትናንሽ ወፎች አጥንት ተገኝቷል። ለጉዞ የተሰናዳ ወጥ መሆኑ ነው።

ንጉሡን ያለበሱት ልብስ ከ2291 የጄድ ድንጋይ ቁራጮች በቀይ ሐር ክር የተሰፋ ነው። ጄድ ሥጋን ከመበስበስ ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። ሥጋው ግን በስብሶ አለቀ፤ የቀረው የአጥንት ስብርባሪና ጥርስ ነው። ልብሱ ራሱ ክሩ አልቆ ተበታትኖ ስለተገኘ መልሶ ለመገጣጠም ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የወርቅ ማኅተሙ ነው። እጀታው የተጠማዘዘ ዘንዶ ነው፣ ጽሑፉም ዣው ሞ ለራሱ በያዘው ስም «የንጉሠ ነገሥት ዌን ማኅተም» ይላል። ዣው ሞ ለሰሜኖቹ የቻይና ገዥዎች፣ ለሃኖች፣ እንደ ንጉሥ ይገብራል፤ በአገሩ ግን ንጉሠ ነገሥት ነኝ ይላል። የልቼን ስምምነት ለሚያስታውስ ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው፦ በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለዮሐንስ ገብረው «ንጉሥ» በሚለው የጸኑት ይህችኑ «ነገሥት» የምትል ቃል ትተው ነው። ዣው ሞ አልተወም፤ መቃብሩ ድረስ ይዟት ገባ።

በምዕራብ በኩል ያለው የዕቃ ክፍል ውስጥ አምስት ትልልቅ የዝሆን ጥርሶች ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎች የአፍሪካ ዝሆን ነው ይላሉ። የፋርስ ሥራ የሚመስል የብር ሣጥንም በመቃብሩ ውስጥ አለ። ከጥርሶቹ ጋር በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ 26 ግራም ሙጫ ነበር፤ ሙዚየሙ በቀይ ባሕር በኩል የመጣ ዕጣን ነው ብሎ ያቀርበዋል። ዕጣን በደቡብ ቻይና አይበቅልም። ያን ጊዜ በእጅ በእጅ እየተቀባበለ፣ ነፋስ ሲመቸው በመርከብ፣ ከዚህ እስከ ጓንዡ ስንት ወር እንደሚፈጅ ገምቱት። ዛሬም ከመተማ በኩል የሚወርደው ዕጣን ወደ ቻይና ሲጫን ሰነዱ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ የምንመዝነው ግን በቶን ነው።

ለጅቡቲ ቤት 26 ግራም የጥቂት ምሽት ማጨሻ ነው። ሣጥኑ ግን 2100 ዓመት ሳይከፈት ቆየ።