ትልቅ ቱርቦ ማስገባት ያዋጣል?

ጋራዤ የሚመጡ የሃይሉክስ ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አያጡም፦ «የፋብሪካውን ቱርቦ አውጥተህ ተለቅ ያለ ብታስገባልኝስ?» እኔ መጀመሪያ የማወጣው የአየር ፊልትሮውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአቧራ ታፍኗል። ከዚያ የጎማ ቱቦውን አላቅቄ የቱርቦውን ዘንግ በጣቴ ወዝወዝ አደርገዋለሁ። ወደ ጎን ለአመል ያህል ቢነቃነቅ ጤና ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጫወተ ግን አልቋል።

ቱርቦ የሚሽከረከረው ወደ ማርሚታ በሚሄደው ጭስ ኃይል ነው፤ አየር ጨምቆ ለሞተሩ ያቀብላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦው ይህን ጉድለት ለመሙላት ቀድሞውንም ሮጦ ነው የሚሠራው። ትልቁ ደግሞ ለመነሳት ብዙ ጭስ ይፈልጋል፤ የእንጦጦን ዳገት ሲወጡ ነዳጅ ረግጠው መጠበቅ ነው። ብቻውንም አይሠራም፤ ናፍጣ ካልተጨመረ አየር ብቻውን ጉልበት አይሆንም። ኢንጀክተሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ ይከተላል። (ኪስም እንዲሁ።)

ለውድድር ከሆነ እሺ። ለከተማና ለክፍለ ሀገር መንገድ ግን አያዋጣም፤ ገንዘብዎን ለፊልትሮ፣ በጊዜው ለሚቀየር ዘይትና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ለማስለወጥ ያውሉት።