በሬ የተሸጠለት ምንሽር፣ በዳቦ የተለወጠ ክላሽ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ዋጋ የማይጠራለት ነገር ጥቂት ነው። ደላላው የኮንዶሚኒየሙን ቤት በመኝታ ክፍሉ፣ ቦታውን በካሬው፣ ገልባጩን መኪና በሞዴሉ ይጠራል። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት የሆነው ይህ ሠፈር፣ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የክፍያው በር እዚሁ ከተተከለ ወዲህ የከተማይቱ ደቡባዊ በር ሆኗል። የሚገባውም የሚወጣውም ዕቃ በዚህ ያልፋል። ዋጋው ጮክ ተብሎ የማይጠራ አንድ ዕቃ ግን አለ። እሱም ጠመንጃ ነው።

ነገሩን ለገበያ ገጽ ያበቃው የገዢዎቹ የማስታወስ ችሎታ ነው። የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተበትን ኪራይ የዘነጋ ነጋዴ ሞልቷል። የመጀመሪያ ጠመንጃውን ስንት እንደገዛ የረሳ ሰው ግን አላጋጠመንም። ከማን እንደገዛ፣ ማን መሃል እንደቆመ፣ ምን ሸጦ እንደገዛ፣ ያን ዕለት ምን እንደተበላ ሳይቀር ይነግራችኋል። ያነጋገርናቸውን ሰዎች ስም አንጠቅስም፤ ምክንያቱን አንባቢ ይረዳዋል።

ከዱከም ወዲያ ባለ የገጠር ቀበሌ ተወልደው ዛሬ ከልጃቸው ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩት አዛውንት ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም። ጠመንጃቸውን የገዙት ጃንሆይ ከመውረዳቸው ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ነው። የገዙት ምንሽር ሲሆን፣ ከጥማድ በሬያቸው አንዱን አቃቂ ገበያ አውርደው ሸጡለት፤ የጎደለውን በጤፍ ሞሉ። በብር ሲሰላ ስንት ይሆን ነበር ብለን ብንጠይቃቸው የመለሱልን የበሬውን መልክ ነው። ቦራ ነበር አሉን።

አገዛዙ የራሱ ወግ ነበረው። ገዢው አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አቅንቶ በውስጡ ያያል፤ ቃታውን ደጋግሞ ይስባል፤ ሰደፉ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በመዳፉ ይዳስሳል። ጥይት ለብቻው ይገዛል። መሃል ላይ ሻጭንም ገዢንም የሚያውቅ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጠመንጃው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ወይም ደም ያለበት ቢሆን ተጠያቂው እሱ ነው። ደረሰኝ በሌለበት ገበያ ደረሰኙ ሽማግሌው ነበር ማለት ነው። የዛሬ ደላሎች ከሁለት ወገን ኮሚሽን ተቀብለው ስልካቸውን ሲያጠፉ ለሚያይ ሰው፣ ይህ የድሮ ሥርዓት ትንሽ ያስቀናል።

ዋናው ወጪ የታየው ግን በሚቀጥለው ክረምት ነው። አዛውንቱ በአንድ በሬ ቀሩ። ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሱ፤ ተራቸውን ሲጠብቁ ዝናቡ አለፋቸው፤ ጤፉም ዘግይቶ ተዘርቶ ሳይሞላ ቀረ። ይህን ክፍል የነገሩን እሳቸው አይደሉም፤ ባለቤታቸው ናቸው። እማማ ሒሳቡን ከገዢው በተሻለ ያውቁታል። በሬው የተወለደው እሳቸው ሲዳሩ ከአባታቸው ቤት ይዘዋት ከመጧት ጊደር ነው። ስለዚህ ጠመንጃው የተገዛው በማን ገንዘብ ነው የሚለው ጥያቄ በዚያ ቤት እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ባልየው ደግሞ የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። ምንሽሩ ከገባ በኋላ ከብታቸውን የነዳ ሌባ የለም። የድንበር ክርክር ሲነሳ በሽማግሌ ፊት ቃላቸው ሚዛን ደፋ። ሠርግና ለቅሶ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ተለወጠ። በባንክ ቋንቋ እናስቀምጠው ካልን፣ ጠመንጃው ወለድ የማይከፍል፣ ነገር ግን ባለቤቱን በማኅበሩ ውስጥ ተበዳሪ ሳይሆን ዋስ የሚያደርግ ንብረት ነበር። በጎንደርና በጎጃም ገጠር ጠመንጃ ለመግዛት በሬውን የሸጠ ገበሬ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በቀረርቶና በሽለላ የሚሞገሰው ያው መሣሪያ፣ በጓዳ በኩል ሲታይ የተጓደለ ጎተራ ነው።

ይህ ዕቃ ወደ አገራችን እንዴት ገባ ብሎ ለሚጠይቅ ነጋዴ ስሞቹ ራሳቸው የአስመጪውን ማንነት ይናገራሉ። ስናድር የእንግሊዝ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ይዞት መጣ። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ግራ» ጠመንጃ ነው። ቤልጅግ ከነስሙ የአገሩ ነው። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ሲፈረም ኤም ዋንና ካርባይን ተከተሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ፊታችንን ወደ ሶቪየት ኅብረት ስናዞር ክላሽንኮቭ ጎረፈ። አያትየው ምን ጠመንጃ እንደነበራቸው የነገረን ሰው፣ በዚያ ዘመን መንግሥት ከማን ጋር እንደሚበላ ነገረን ማለት ነው።

የዚህ ንግድ ጥንታዊ ኪሳራ ከሚጠቀስላቸው ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ነው። ግጥሙን ጥሎ ንግድ የገባው ይህ ሰው በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ። አራት ወር ያህል በረሃ አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ከዚያም ዘመናዊ ሬሚንግተን ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ። ራምቦ ያመጣው ደግሞ አሮጌ ባለ ቆብ ጠመንጃ ነው። ገበያው ዕቃው መንገድ ላይ ሳለ ተለወጠበት። እንጦጦ ላይ ዋጋው ከጠበቀው በታች ወረደ፤ ከዚያም ላይ መንገድ ሳይጀመር የሞተው የሽርክና ጓደኛው ላባቱ ያለበት ዕዳ ተቀነሰ፤ የቀረውንም በጥሬ ብር ሳይሆን ሐረር ላይ ከራስ መኰንን እንዲቀበል በወረቀት ታዘዘለት። ከውጭ ዕቃ አስመጥቶ ጉምሩክ ላይ ሳለ ሞዴሉ ያለፈበት ነጋዴ ይህን ታሪክ ሲሰማ ወንድሙን ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

በዚያን ዘመን ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። ማርትሬዛው ብር ለትንሽ ግዢ ስለሚተልቅ፣ ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ የጠመንጃ ጥይት በዝርዝር ብር ፋንታ ይሰጥ ይቀበል ነበር። የተተኮሰ ጥይት የጠፋ ሳንቲም ነው። አዛውንቱም ጥይታቸውን የተኮሱት በሕይወታቸው ሙሉ በጣት የሚቆጠር ጊዜ መሆኑን ሲነግሩን፣ ከጀግንነት ማነስ ሳይሆን ከቁጠባ ነው።

የጠመንጃ ዋጋ ከጤፍም ከሲሚንቶም የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሰው መንግሥት ይጠብቀኛል ብሎ ሲተማመን ይቀዘቅዛል፤ ሲፈራ ይወጣል፤ መንግሥት ራሱ ሲወድቅ ግን ከመጋዘኑ ስለሚፈስ ይረክሳል። የመጀመሪያ መሣሪያቸውን የገዙ ሰዎች ዋጋውን የማይረሱት በዚህ ምክንያት ይመስለናል። አብዛኞቹ የገዙት ዘመን ሲታጠፍ ነው።

ለዚህ ሁለተኛው ባለታሪካችን ምስክር ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ደብረ ዘይት መንገድ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከሰሃራ በታች ካሉት ታላላቅ ጦሮች አንዱ የነበረው የደርግ ሠራዊት ተበተነ። ወታደሩ በየመንገዱ ወደ አገሩ ይጓዝ ነበር። እኚህ ሰው እንደሚሉት ክላሹን እሳቸው አልጠየቁም፤ ተለመኑ። የሰጡት ዳቦና አንድ አሮጌ ሹራብ ነው። ወታደሩ ከዳቦው ይልቅ የፈለገው ሹራቡን ነበር፤ የደንብ ልብሱን የሚሸፍንበት።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ያ መሣሪያ በብረቱም በአሠራሩም ከአንድ ወር በፊት ከነበረው አልተለየም። ዋጋው ወደ ዳቦ የወረደው መያዙ አደጋ ስለሆነ ብቻ ነው። ሻጩ አደጋውን ሸጠ፤ ገዢው ከነአደጋው ገዛ። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ መንግሥት መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ ሲያዝ፣ እኚህም ሰው ወስደው ለቀበሌ ሰጡ። ሹራባቸው ቀረ። የክላሽ ባለቤትነታቸው ከአንድ የጤፍ ብድር ዕድሜ አልረዘመም።

አዛውንቱ ዘንድ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስፈትሽ፣ ወሬው ገጠር ደርሶ ምንሽሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሬት ገባ። ከመሬት የወጣው ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሆነ እሳቸውና እማማ አይስማሙም። የሚስማሙት ሰደፉን ምስጥ እንደበላው ነው። አዲስ ሰደፍ የሠራላቸው የመንደር አናጢ የተከፈለው በበግ ነው። ይህም በበሬው ላይ ይደመርልኝ ይላሉ እማማ።

የዛሬው ገበያ ሕግ የታጠረበት ነው። ቀድሞም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 የተከለከለ የጦር መሣሪያ ንግድን ያስቀጣ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ሆነ፤ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ወንጀል መሆኑ ተደነገገ። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች በእጅ ያለውን አስመዝግቦ ፈቃድ የሚወጣበት መንገድም ተከፈተ። ስለዚህ ከዚህ ገጽ የዕለቱን የጠመንጃ ዋጋ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ አያገኝም። በቱሉ ዲምቱ ኬላ ላይ ጭነቱ ሲፈተሽ ከመቀመጫ ሥር መሣሪያ ተገኘ የሚባለው ወሬ የሚመለከተው ፖሊስን ነው፤ ለባለመኪናው ግን የገበያ ወሬ ነው። ሾፌሩ በደበቀው አንድ ሽጉጥ መኪናውም ጭነቱም ሊቆም እንደሚችል የማያውቅ የትራንስፖርት ባለሀብት ካለ ቶሎ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ወረቀት የዋጋው ትልቁ ክፍል መሆኑን ሕዝብ በግልጽ የተረዳው በ2014 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 23 ቀን፣ ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ ይጠጋል ተብሎ በተፈራበት ሰሞን፣ የከተማው የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ የጦር መሣሪያ ያላቸው ነዋሪዎች በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ አዘዘ። ያን ጊዜ ከየቁም ሳጥኑና ከየአልጋው ሥር የወጣው መሣሪያ ጎረቤትን ከጎረቤት አስተዋወቀ። አራተኛ ፎቅ ላይ ለዓመታት ሰላምታ ብቻ ሲለዋወጡ የኖሩ ሰዎች ጣቢያ በር ላይ ተሰልፈው ተገናኙ። የአዛውንቱ ልጅም ከገጠር የመጣውን የአባቱን ምንሽር በጋቢ ጠቅልሎ ተሰልፏል። በበሬ ተገዝቶ፣ መሬት ውስጥ ከርሞ፣ በበግ የታደሰው ጠመንጃ ቁጥሩ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረው ያን ዕለት ነው።

መመዝገቡ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ያልተመዘገበ ጠመንጃ የሚያወርሰው ለያዘው ልጅ ነበር፤ ሌሎቹ አያነሱትም። የተመዘገበ ግን ባለቤት አለው። ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲያልፍም ተቀባዩ ራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አዛውንቱ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው። አንዱ መርካቶ ይነግዳል፤ አንዱ ገጠር ቀርቶ ያርሳል፤ ሦስተኛው አባቱን የሚጦረው የቱሉ ዲምቱው ነው። አራሹ የሚጠብቀው ከብት ያለኝ እኔ ነኝ ይላል። የቱሉ ዲምቱው ተሰልፌ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ ባይ ነው። የመርካቶው ደግሞ እንደ ነጋዴ ያስባል፤ በሕጋዊ መንገድ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈል ብሎ አባቱን አስቀይሟል። እንደ እሱ አነጋገር፣ የማይሸጥና የማይከፈል ንብረት በመዝገብ ላይ ያለ፣ በኪስ ግን የሌለ ገንዘብ ነው።

የገጠሩን መሬት ይዞታ በተመለከተ ወንድማማቾቹ ከተስማሙ ቆይተዋል። በምንሽሩ ጉዳይ ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲነጋገር ግን እማማ ሁሉንም ዝም አሰኝተው አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ጠመንጃውን ማንም ይውሰደው ማን፣ የሚወስደው ልጅ አስቀድሞ የቦራውን በሬ ዋጋ በዛሬው የአቃቂ ገበያ ለሳቸው ይክፈል፤ በጉ ለብቻው ይታሰባል። የመርካቶው ልጅ በማግሥቱ የከብት ተራ ደላላ ጋ ደውሎ የአንድ የእርሻ በሬ ዋጋ ጠይቋል። ከሰማ በኋላ ስለ ጠመንጃው አላነሳም።