ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም፦ መንስኤዎቹና የጤና ባለሙያው ድርሻ

የወር አበባ ከተቋረጠ 12 ወራት ካለፉ በኋላ ከብልት የሚታይ ደም፣ ጥቂት ጠብታም ቢሆን፣ ምርመራ የሚያሻው ምልክት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ገደልና ዳገት በበዛበት አገር፣ በዕድሜ የገፉ እናቶች ወደ ጤና ተቋም ደጋግመው መመላለስ ይከብዳቸዋል። ስለሆነም በመጀመሪያው ጉብኝት የሚደረገው ምርመራ ወሳኝ ነው።

ካንሰር ያልሆኑ መንስኤዎች

የብዙዎቹ መንስኤ ካንሰር አይደለም። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ የብልትና የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ይሳሳል፤ በቀላሉም ይደማል። ፖሊፕ፣ ኢንፌክሽን፣ የማህፀን ሽፋን ከመጠን በላይ መወፈርና ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፌንም ደም ያስከትላሉ፤ የሽፋኑ መወፈር ግን ወደ ካንሰር ሊያመራ ስለሚችል ችላ አይባልም። ብዙ በወለዱና እንጨትና ውሃ ሲሸከሙ በኖሩ ሴቶች የሚታየው የማህፀን መውጣት፣ በመታሸት ቆስሎ ሊደማ ይችላል። አልቅት ወደ ብልት ገብቶ እንደሚያደማም፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ተመዝግቧል። ደሙ ከሽንት ፊኛ ወይም ከፊንጢጣ አለመሆኑንም መለየት ይገባል።

ካንሰር ሲሆን

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ከማረጥ በኋላ ደም ካዩ 100 ሴቶች መካከል 9 ያህሉ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ይገኝባቸዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ የወገብ ሕመምና የእግር እብጠት ያስጠረጥሩታል። የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ደም ሳይታይ በሆድ መነፋትና ቶሎ በመጥገብ ስለሚገለጽ፣ የጨጓራ ሕመም ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በውጭኛው ብልት ላይ የቆየ ማሳከክ፣ እብጠት ወይም የማይድን ቁስልም ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል።

የባለሙያው ድርሻ

እናቶች ስለ ብልት መናገር ስለሚያፍሩ፣ በግል ክፍል፣ በአክብሮትና በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሆድን መዳሰስ፣ በስፔኩለም ማየት፣ ማህፀንን በእጅ መመርመርና የደም ማነስን መለካት ይገባል።

የማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ የማየት ምርመራ በኢትዮጵያ በዋናነት የታሰበው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ፣ ምልክት ለሌላቸው ሴቶች ነው። ከማረጥ በኋላ ለካንሰር የሚጋለጠው ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ፣ «ነጻ» የሚለው ውጤት የምትደማን እናት ለማሰናበት አያበቃም። ዕጢ ወይም ቁስል እየታየ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ደጋግሞ መስጠትም ጊዜ ያባክናል፤ የሚያስፈልገው የናሙና ምርመራ ነው።

ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ያለባት ሴት እንደ ቅርበቷ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ብርሃን ትላካለች። በአልትራሳውንድ የማህፀን ሽፋን ውፍረት ከ4 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ደሙ ከተመለሰ ግን ናሙና መውሰድ የግድ ነው። በማስተላለፊያ ወረቀቱ ላይ ደሙ የጀመረበት ጊዜና በምርመራ የታየው ሁሉ ይጻፍ፤ መድረሷንና ውጤቷንም መከታተል የላኪው ባለሙያ ኃላፊነት ነው።