በመኪና አደጋ ለሞተ ሰው ካሳ፦ የዕርቁ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ



በኑኑ ቁምባም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች አንድ ሰው በመኪና አደጋ ሲሞት ነገሩ የሚሄደው በፍጥነት ነው። ጀናዛው ሳይውል ሳያድር ይቀበራል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ የጉማ ነገር ይነሳል፣ ገንዘብ ይቆረጣል፣ ወረቀት ይፈረማል። ሁሉም የሚደረገው ደም እንዳይቃባ ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ባሏ የሞተባት እህት ለልጆቿ ደብተር መግዣ ስታጣ፣ «ከስሼ ካሳ ማግኘት እችላለሁ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። የመልሱ ግማሽ ያለው በዚያ በሐዘኑ ሳምንት በተፈረመው ወረቀት ውስጥ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሐዘን ቤት ተቀምጠን ደጋግመን የምንሰማቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን። እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንያዝ። የ35 ዓመት ነጋዴ ከኑኑ ቁምባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በአይሱዙ ተገጭቶ ሞተ እንበል። ሚስት፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች፣ በእሱ የምትጦር እናትና እሱ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድም ትቷል።

ካሳ መጠየቅ ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል ወይ?

አይጋጭም። ሸሪዓችን በስህተት ለጠፋ ነፍስ የሟች ቤተሰብ ዲያ እንዲከፈለው መብት ሰጥቷል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አያህ ላይ ዲያውም ከፋራውም ተደንግጓል፤ ቤተሰቡ በፈቃዱ ቢምርም የተወደደ መሆኑ እዚያው ተመልክቷል። ምሕረት ትልቅ አጅር አለው።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። አዋቂ ወራሽ መማር የሚችለው የራሱን ድርሻ ነው። የየቲሞቹን ድርሻ አጎትም፣ ሽማግሌም፣ እናትም ቢሆን «ለአላህ ብለን ትተናል» ብሎ መተው አይችልም። የየቲምን ገንዘብ መብላት ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ካሉ ዑለሞች ጠይቁ።

ጉማ ከተከፈለ በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግ ጥያቄ ነው። ጉማ በኦሮሞ ሥርዓት የገዳይና የሟች ወገን ቂም እንዳይያያዙ የሚያስታርቅ የኖረ ባህል ነው። የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና ሰጥቷል። በዕርቁ ላይ መቀመጥ ምንም ነውር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3312 በዕርቅ የተደረገ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ይናገራል። ስለዚህ «ይህን ገንዘብ ተቀብለናል፤ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ካሳ አንጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው ኋላ መክሰስ ቢፈልግ ተከሳሹ ያንን ወረቀት ያቀርብበታል። «ለዕርቅና ለሐዘን ማስተዛዘኛ የተሰጠ፤ በሕግ የሚጠየቀውን ካሳ የማይነካ» ተብሎ ከተጻፈ ግን በሩ ክፍት ነው። በምሳሌያችን ሟች ቤት የአንድ ዓረፍተ ነገር ልዩነት የሦስት ልጆችን ትምህርት ይወስናል።

ሚስትየው ሳትጠየቅ የሟች ወንድም ብቻ የሚፈርምበት ጊዜም አለ። እሷ ያልፈረመችበትና ያልወከለችበት ስምምነት የእሷን መብት ሊያስቀር አይገባም፤ ነገር ግን ክርክሩን ያንዛዛል። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፦ ባሏ የሞተባት ሴት በምክሩ ላይ ትገኝ፤ ወረቀቱ በሚገባት ቋንቋ ይነበብላት፤ የልጆቹን ካሳ የሚነካ ነገር ካለ ከመፈረሙ በፊት ፍርድ ቤት ይጠየቅ።

ጉዳዩን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያየዋል?

አያየውም። በሀገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንደ ኒካህ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች ላይ ነው፤ እሱም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ። በአደጋ ለሞተ ሰው የሚጠየቅ ካሳ የሚቀርበው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። እንደ ገንዘቡ መጠን ከወረዳ ፍርድ ቤት ወይም ከምሥራቅ ወለጋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጀመራል።

ሆኖም የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ይጠቅመናል። ሚስትነትንና ወራሽነትን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከዚያ ማውጣት ይቻላል።

ከሳሽ መሆን የሚችለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ሚራስና ካሳ ይለያያሉ። ዲያ በፊቅህ እንደ ውርስ ለወራሾች ይከፋፈላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2095 ግን የካሳ መብቱን የሰጠው ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጆችና ወደ ላይ ላሉ፣ ለልጆችና ወደ ታች ላሉ ነው። እነሱም የሚጠይቁት በየራሳቸው ስም፣ በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ጉዳት ነው። አንቀጽ 2096 ደግሞ ሌላ ሰው ሟች ይረዳው የነበረ ቢሆን እንኳ ካሳ እንደማያገኝ ይናገራል።

በምሳሌያችን ሚስቲቱ፣ ሦስቱ ልጆችና እናትየው መጠየቅ ይችላሉ። ታናሽ ወንድሙ ሟች ያስተምረው የነበረ ቢሆንም አይችልም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በቤተሰብ መካከል የሚነሳውን ንትርክ ይቀንሳል፤ ለሚስትና ለልጆች የተፈረደው ካሳ ለዘመድ ሁሉ የሚከፋፈል ውርስ አይደለም።

የኒካሕ ወረቀት የሌላት ሚስት ተስፋ አትቁረጥ። እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ እንደነበር በሚያውቁ ምስክሮች ማስረዳት ትችላለች። ለትንንሾቹ ልጆች የምትከሰው እናት ሞግዚትነቷን የሚያሳይ ወረቀት ከፍርድ ቤት ብትይዝ ሥራው ይቀላል።

የሚከሰሰውስ ሾፌሩ ነው ወይስ ባለመኪናው?

ሁለቱም ሊከሰሱ ይችላሉ። ብዙ ሰው «ሾፌሩ ድሃ ነው፤ ምን ይከፍላል?» ብሎ ይተወዋል። አንቀጽ 2081 ግን ባለመኪናው ራሱ ባይነዳውም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነፃ ይሆናል። የሟች ጥፋት ለአደጋው ምክንያት ከነበረ ደግሞ ካሳው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛው ተጠያቂ መድን ድርጅቱ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተወሰነው ክፍያ ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ልኩ ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ ስትጠይቁ በጊዜው የሚሠራበትን እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ከመድን የተከፈለው ገንዘብ ቀሪውን ካሳ ከባለመኪናው ከመጠየቅ አያግድም። ገጭቶ ለጠፋ ወይም መድን ለሌለው መኪና ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ «መኪናው አልታወቀም» ብላችሁ አትተዉት።

ሟች በሥራ ላይ እያለ የሞተ ተቀጣሪ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ጥገኞቹ ከአሠሪው የሚጠይቁት ክፍያ አለ።

ፍርድ ቤት ካሳውን የሚያሰላው እንዴት ነው?

ክስ ሁለት ጥያቄ አለው፦ ኃላፊው ማን ነው? ጉዳቱስ ስንት ነው? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ቤተሰቦቻቸው ቦይንግን አሜሪካ ቺካጎ ላይ ከሰሱ። ኩባንያው በ2014 ዓ.ም. ለካሳው ኃላፊነቱን ሲቀበል የቀረው ክርክር በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሆነ፤ ስንት? በእኛም ወረዳ ፍርድ ቤት አካሄዱ ይኸው ነው።

በእኛ ሕግ ካሳው እንደ ቀለብ የሚታይ ነው፤ ሟች ቢኖር ኖሮ ለቤተሰቡ ያደርግ የነበረውን ለመተካት ነው። ስለዚህ ዳኛው የሟችን ገቢ፣ ዕድሜና ለራሱ ያወጣ የነበረውን ይመለከታል። በወር 9,000 ብር ያገኝ የነበረ ሰው 3,000 ብር ለራሱ የሚያወጣ ከነበረ፣ ቤተሰቡ ያጣው በወር 6,000 ብር ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ ይቆርጣል። ገቢውን የሚያሳይ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተር ወይም ምስክር ያለው ቤተሰብ ለዳኛው ግምት ብቻ ከመተው ይድናል።

ለሐዘኑ፣ ለልብ ስብራቱ የሚሰጠው የሞራል ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን ሁሉ ገቢውንና የቤተሰቡን ጥገኝነት በማስረዳት ላይ አውሉት።

ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣስ?

በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስቀጣል፤ ዕርቅ ቅጣት ሊያቀልለት ይችል ይሆናል እንጂ ክሱን አያጠፋውም። የወንጀሉን ክስ የሚይዘው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የካሳውን ክስ የሚያቀርበው ቤተሰቡ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንቀጽ 2149 የካሳ ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት ተከሳሹ በወንጀል ነፃ በመባሉ እንደማይገደድ ይናገራል። «ሾፌሩ ተለቋል፤ በቃ» ብሎ መቀመጥ ስህተት ነው።

የመክሰሻው ጊዜ ስንት ነው?

ሁለት ዓመት። አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልቀረበ ክስ በይርጋ እንደሚታገድ ይናገራል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ ረዥሙ ይሠራል፤ ግን በዚህ ተማምኖ መቆየት ለክርክር መጋለጥ ነው። ዕርቁ ተራዘመ፣ ሽማግሌ ቀጠረ ብላችሁ ሁለቱን ዓመት አታሳልፉ።

ጀናዛውን ቶሎ መቅበር ማስረጃ ያጠፋል?

ጀናዛን ማፋጠን ሱናችን ነው። ፖሊስና ሐኪም እንዲያዩት ማድረግም ከዚህ ጋር አይጣላም። አደጋው እንደደረሰ ለትራፊክ ፖሊስ ይነገር፤ ከቀብር በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሞቱን ምክንያት በጽሑፍ ይስጥ። ይህ ሳይደረግ የተቀበረ እንደሆነ ኋላ መቃብር የማስከፈት ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ለቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነው።

በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ አስቀምጡ፦ የፖሊስ የአደጋ ሪፖርት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የኒካሕና የልጆች ልደት ማስረጃ፣ የመኪናው ታርጋ ቁጥርና የመድን ድርጅቱ ስም፣ ያዩ ሰዎች ስምና ስልክ፣ የቀብርና የሕክምና ወጪ ደረሰኝ። የዕርቁ ወረቀት ቅጂም በቤተሰቡ እጅ ይቅር።

ለዳኝነትና ለጠበቃ አቅም የሌለውስ?

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ንብረት እንደሌለው በመሐላና በማስረጃ ያረጋግጣል። በነቀምቴ የሚገኘው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለ ነፃ የሕግ ድጋፍ እዚያ ጠይቁ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ ብቻ የምትናገሩ ክሱን በአፋን ኦሮሞ አስጽፉ፣ በችሎትም አስተርጓሚ ጠይቁ።

በግጭት የተገደሉብንስ?

እስካሁን ያልነው በአደጋ ለሞቱት ነው። ወለጋ ላይ ግን ሌላም ቁስል አለ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጹሐን ተገድለዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚከሰሰውን ሰው ለይቶ ማቅረብ ከባድ ነው። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ለተጎጂዎች ማካካሻን ይጨምራል። ያ ቀን ሲመጣ የሚጠየቀው ማስረጃ ነውና የሟቾችን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የቀብሩን ሥፍራ ዛሬ መዝግቡ።

ካሳ የሞተውን አይመልስም። የየቲሞቹን ሐቅ ግን ይጠብቃል። ዕርቁን ተቀበሉ፤ ከመፈረማችሁ በፊት ግን ወረቀቱን አንብቡ፣ ሁለቱን ዓመት ቁጠሩ። አላህ የሞቱብንን ይማር፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብር ይስጥ። ወላሁ አዕለም።