የካምፓስ ላውንጅና የመቀመጫ ሐቅ



ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ የላኩ ወላጆች «ልጄ ላውንጅ ይውላል አሉ፤ ምን ዓይነት ቦታ ነው?» እያሉ ይጠይቁናል። አንዳንዱ አባት ስሙን ሲሰማ መጠጥ ቤት ይመስለዋል።

ላውንጅ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ አረፍ የሚልበት የጋራ ቤት ነው። ግቢው ተማሪውን የሚመግብበት ካፌ ሌላ ነው። ላውንጅ ውስጥ ሻይ፣ ማኪያቶና ፍርፍር በገንዘብ ይሸጣል፤ ቴሌቪዥን ይታያል፤ ወሬ ይወራል። ከሩቅ የመጣ አዲስ ተማሪ የአገሩን ልጅ የሚያገኘው፣ ያለፈው ዓመት ፈተና ማን ዘንድ እንዳለ የሚሰማው፣ ለጁሙዓ ከማን ጋር እንደሚወጣ የሚቀጣጠረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። «እንዳትረግጣት» ተብሎ የተላከ ልጅ ይህን ሁሉ ያጣል። ብቻውን የከረመ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው ጠሪ ወደ ጫት ቤት ቢጠራው እምቢ ለማለት ይቸገራል።

ተማሪ በጋራ መቀመጡ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በካይሮው አል-አዝሀር ከአገራችንና ከአካባቢዋ ለሄዱ ደረሳዎች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማረፊያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1753 የተወለደው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ የዚያ ሪዋቅ ሸኾች ከነበሩ ቤተሰብ ነው።

አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ለዚህ ጉዳይ ብርሃን ነው። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦችን መንገድ ላይ ከመቀመጥ አስጠነቀቋቸው። እነርሱም የምንጨዋወትበት ሌላ ቦታ የለንም ቢሉ፣ እንግዲያው ሐቁን ስጡት አሏቸው፤ ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታን መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል። ለላውንጅም ከዚህ የተሻለ ደንብ አናውቅም። በአዲስ ተማሪ አነጋገር መሳቅ ሰውን ማስቸገር ነው። «ሴትና ወንድ አብረው ይገባሉ» ለሚሉን ደግሞ፣ ሸሪዓችን አጥብቆ የከለከለው ኸልዋን፣ ማለትም ለብቻ መገለልን ነው፤ መቶ ሰው የሚያየው አዳራሽ ኸልዋ አይባልም። ዓይንን የመስበሩ ግዴታ ግን እዚያም አይቀርም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ኳሱ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ገደማ ባሉት ወራት ቅዳሜ በእንግሊዝ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት የሚጀመሩት ጨዋታዎች በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይገባሉ። መግሪብ የሚገባው ልክ በመካከሉ ነው። ተገቢው አዛን ሲባል መነሳት ነው። ወንበሬ ይያዝብኛል ብሎ የሰነፈ እንኳ የእረፍቱ 15 ደቂቃ ለውዱእም ለሦስት ረከዓም ይበቃዋል። ዒሻ እስኪገባ ተቀምጦ የቀረ ምን ምክንያት አለው?

ሌላው ዱቤ ነው። ሻይና ማኪያቶ በዱቤ ሲጠጣ ትንሽ ይመስላል፤ በወር መጨረሻ ግን የሰው ሐቅ ነው። ወላጆች ስልክ ስትደውሉ «ላውንጅ ገባህ ወይ?» ከምትሉ «መግሪብን የት ሰገድክ? ዱቤ አለብህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።